የታጠበ ጤፍ

አርብ ከሰዓት በኋላ ሁለት ብልቃጦች ፊቴ ደረደርኩ። በሁለቱም ያለው ከአንድ ጆንያ የተዘገነ፣ ከአገር ቤት የመጣ ቀይ ጤፍ ነው። አንደኛውን እንዳለ ተውኩት። ሁለተኛውን በተበረዘ አሲድ፣ ከዚያም በተጣራ ውኃ ደጋግሜ አጠብኩት። የመጀመሪያው እጣቢ እንደ ሐምሌ ወንዝ ደፈረሰ፤ ሁለተኛው ስስ ሻይ መሰለ፤ አምስተኛው እንደ ምንጭ ጠራ። ጤፉ ደርቆ፣ ተፈጭቶ፣ በናይትሪክ አሲድ ሟሙቶ ማሽኑ ውስጥ ሲገባ የሁለቱ የብረት መጠን እንደማይገናኝ ከወዲሁ አውቃለሁ፤ ያልታጠበው ይበልጣል፣ ያውም በብዙ። የማላውቀው ከሁለቱ የትኛውን «ጤፍ» ብዬ መዝገብ ላይ እንደማሰፍር ነው። እጣቢውን ልደፋው አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት።

ጥያቄው በእኔ አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. በ1963 አልምጎርድ የሚባል ስዊድናዊ ተመራማሪ የኢትዮጵያ ጤፍ ብረት የበዛበት ከአፈር ጋር በመነካካቱ ነው ብሎ ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1980 የኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት የጤፍን ብረት እንደገና የሚመረምር ጽሑፍ አወጣ። እስከ ዛሬ የታተሙት ውጤቶች ጎን ለጎን ቢቀመጡ ዓይን ያስፈጥጣሉ፤ በ100 ግራም ቀይ ጤፍ ውስጥ ከ11.6 ሚሊግራም ጀምሮ ከ150 ሚሊግራም በላይ ብረት ተመዝግቧል። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የምግብ ይዘት መዝገብ ደግሞ ስለ ጤፍ 7.63 ይላል። ከታችኛው እስከ ላይኛው ሃያ እጥፍ ገደማ ነው። ከለኩት ሰዎች አንዳቸውም ዋሽተዋል ብዬ አላምንም። ሁሉም መዝነዋል፣ ሁሉም ያገኙትን ጽፈዋል።

ምክንያቱን ለማወቅ ኬሚስት መሆን አያስፈልግም፤ የገበሬ ልጅ መሆን ይበቃል። አውድማው በእበት ይለቀለቃል፣ ነዶው ይነሰነሳል፣ በሬዎቹ ይነዱበታል። በሰኮናቸው ሥር እህሉ ከገለባው ይለያል፤ ከሥሩ ደግሞ አፈሩ ይነሳል። ባቄላ ወይም ስንዴ ቢሆን ኖሮ አፈሩና ፍሬው በወንፊት ይለያዩ ነበር። ጤፍ ግን ሺህ ፍሬ ተቆጥሮ ግማሽ ግራም አይሞላም። እዚያ ደረጃ ላይ ሲደረስ የአፈር ቅንጣትና የእህል ፍሬ እኩያ ይሆናሉ፤ ወንፊቱም ሰፌዱም ሁለቱን አንድ ላይ ያሳልፋቸዋል።

ታዲያ ብረቱ የጤፉ ነው ወይስ የመሬቱ? በሙያዬ ብመልስ፣ ተክሉ ስቦ ፍሬው ውስጥ ያስገባው ብቻ የጤፉ ነው፤ ላዩ ላይ የተለጠፈው ባዕድ ነው። ይህን መልስ ለተማሪዎቼ ስንት ዓመት ስሰጥ ኖርኩ። ነገር ግን ተክሉ የራሱን ብረትም ያገኘው ከዚያው ማሳ አይደለም እንዴ? አንዱ በሥር በኩል ገባ፣ ሌላው በሰኮና በኩል። ድንበሩን ያሰመርኩት እኔ ነኝ፤ አሲዱንም የመረጥኩት እኔው ነኝ። ትንሽ ጠንከር ያለ አሲድ ብጠቀም የፍሬውን ልጣጭ እነካና የጤፉን የራሱን ብረት አብሬ አጥበዋለሁ፤ ሳሳ ያለ ብጠቀም አፈሩ ይቀራል። «ንጹሕ ጤፍ» የሚባለው ነገር እንግዲህ በእጄ ጥንካሬ ልክ የሚወለድ ነው።

ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው እንዲህ ስመዝን። መጀመሪያ አዲስ አበባ፣ ኋላም እዚህ ሜሪላንድ፤ መጀመሪያ እህልና ወተት፣ ኋላ ደግሞ በብልቃጥ ታሽጎ የሚሸጠውን የቫይታሚን ክኒንና የቅጠል ዱቄት ካፕሱል። ምን እንደምሠራ የሚጠይቀኝ ሰው ሲያጋጥመኝ «ምግብ ውስጥ ምን ያህል ምን እንዳለ እለካለሁ» እላለሁ። ስጀምር ከባዱ ቃል «ምን ያህል» ይመስለኝ ነበር። ከባዱ «ምን» መሆኑን የተረዳሁት ቆይቼ ነው።

ከዚያ በፊት ግን ሌላ ትምህርት ነበረብኝ፤ ዋጋው ከፍ ያለ። በሙያችን «ብላንክ» የምንለው አለ። ናሙና የሌለበት ናሙና ነው። ባዶውን ዕቃ ትወስዳለህ፤ ለናሙናው ያደረግኸውን ሁሉ ታደርግለታለህ፤ አሲዱን ትጨምርበታለህ፣ ታሞቀዋለህ፣ ታጣራዋለህ፣ ማሽኑ ውስጥ ታስገባዋለህ። ምንም ያልተጨመረበት ዕቃ ምን ይዟል ብለህ ትጠይቃለህ። ለማያውቅ ሰው ሞኝነት ይመስላል። ወጣት ሳለሁ ለእኔም ጊዜ ማባከን ይመስለኝ ነበር።

ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት ግድም የአራስ እናቶችን ወተት እለካ ነበር። ከእያንዳንዷ እናት የመጣው ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይበልጥም። የምፈልገው ዚንክ ነበር፤ ሕፃን እንዲያድግና በሽታን እንዲቋቋም የሚያስፈልገው፣ በአንድ ሊትር የእናት ወተት ውስጥ በጥቂት ሚሊግራም ብቻ የሚገኝ ማዕድን። ውጤቱ ሲመጣ ደስ አለኝ። ከጠበቅሁት በላይ ነበር። «የእነዚህ እናቶች ወተት ዚንክ አይጎድለውም» የሚል ዓረፍተ ነገር ጽፌ ጨረስኩ። የበላዬ የነበሩት ሴት ወረቀቱን ተቀብለው፣ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ «ብላንኩስ?»

አልሠራሁም ነበር። ሄጄ ሠራሁ። ባዶው ብልቃጥ ዚንክ ሞልቶበታል። የጎማ ጓንት ሲሠራ ዚንክ ኦክሳይድ ይገባበታል፤ ዱቄቱ ከጣቴ ጫፍ እየረገፈ ብልቃጡ አፍ ላይ ሲያርፍ ኖሯል። እናቶቹ ሰጡን ያልኩት ዚንክ ግማሹ ከእጄ የመጣ ነበር። ወተቱ አልቋል፤ እንደገና ስጡን ብለን የምንጠይቃቸው እናቶች ደግሞ ወደየገጠራቸው ተመልሰዋል። ያን ወረቀት ቀደድኩት። እንዳለ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ አንድ ሰው በሌላ ቢሮ አንብቦ «ለእነዚህ ሕፃናት ምንም አያስፈልግም» ብሎ ይፈርም እንደነበር ዛሬም ሳስበው ሆዴ ይላወሳል። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንኛውንም ነገር ከመመስከሬ በፊት ራሴን እለካለሁ። ባዶነትን መለካት የጸሎት ያህል ሆኖብኛል ብል ማጋነን አይደለም፤ እዚያ ብልቃጥ ውስጥ የማየው የእኔን ኃጢአት ብቻ ነውና።

ወደ «ምን» ልመለስ።

እ.ኤ.አ. በ1883 ኮፐንሃገን ውስጥ፣ በካርልስበርግ ቢራ ፋብሪካ ላቦራቶሪ፣ ዮሐን ኬልዳል የሚባል ኬሚስት የገብስን ፕሮቲን የሚለካበት ዘዴ አገኘ። ዘዴው ዛሬም ይሠራበታል። እህሉን በተከማቸ ሰልፈሪክ አሲድ ታፈላዋለህ፤ በመጀመሪያ እንደ ከሰል ይጠቁራል፣ አረፋ ይነሳበታል፣ ነጭ ጭስ ያወጣል። ከሰዓታት በኋላ ጥቁሩ ይገፈፍና ፈሳሹ ይጠራል። ከዚያ አልካሊ ሲጨመርበት አሞኒያው ይተናል፤ እንፋሎቱን በቦሪክ አሲድ ትቀበለዋለህ። አረንጓዴው ፈሳሽ በአንዲት የአሲድ ጠብታ ወደ ሮዝ ሲዞር ቧንቧውን ትዘጋለህ። ያቺን ጠብታ ስጠብቅ ትንፋሼን የያዝኩባቸው ጊዜያት ተቆጥረው አያልቁም።

ልብ አድርጉ፤ በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ ፕሮቲኑን ያየው የለም። ፕሮቲኑ ገና በመጀመሪያው ሰዓት በአሲዱ ተቃጥሎ ጠፍቷል። የተለካው ናይትሮጅን ነው። ፕሮቲን ከመቶ 16 እጅ ያህል ናይትሮጅን ስለሆነ፣ የተገኘውን በ6.25 አባዝተን «ፕሮቲን ይህን ያህል ነው» እንላለን። ጥላውን ለክተን የሰውየውን ቁመት እንናገራለን ማለት ነው። ፀሐይዋ በቦታዋ እስካለች ድረስ ስሌቱ ልክ ነው፤ ከመቶ ዓመት በላይም ልክ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2008 ቻይና ውስጥ ወተት በውኃ የሚያቀጥኑ ሰዎች ሜላሚን ጨመሩበት። ሜላሚን የፕላስቲክ መሥሪያ ነው፤ ከክብደቱ ሁለት ሦስተኛው ናይትሮጅን ነው። የኬልዳል ምርመራ ወተቱን አየና «ፕሮቲኑ ሙሉ ነው» አለ። መሣሪያው አልተበላሸም፣ ኬሚስቱም አልተሳሳተም፤ ናይትሮጅን ተጠይቆ ናይትሮጅን መለሰ። ስድስት ሕፃናት ሞቱ፤ ወደ 300,000 የሚጠጉ በኩላሊት ጠጠርና በሌላም ታመሙ።

ስለዚህ ጉዳይ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው ስግብግብነት ነው። ልክ ነው፣ ይወቀስ። እኔን ግን ከዚያ በላይ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር አለ። ወተቱን ያበላሸው ሰው እንዴት እንደምንለካ ያውቅ ነበር። ፕሮቲንን ሳይሆን መለኪያችንን ነው ያበላው። ከእኛ ሙያ ጋር የተመካከረ ያህል ነው። ይኸው ነገር በብልቃጥ በሚሸጡት የቅጠል ካፕሱሎች ላይም ይደገማል። ጊንኮ የሚባለው የዛፍ ቅጠል ጭማቂ ከመቶ 24 እጅ ፍላቮኖል ግላይኮሳይድ እንዲይዝ ይጠበቃል፤ ስለዚህ ዋጋው ርካሽ የሆነ ሩቲን ከሌላ ተክል አምጥተው ይጨምሩበትና 24ቱን ይሞላሉ። ቁጥሩ ሞላ፤ ቅጠሉ ግን የለም። አንድ ነገር በአንድ ቁጥር ብቻ ከተወከለ፣ ያን ቁጥር መስሎ መምጣት ለሚፈልግ ሁሉ በሩን ከፍተንለታል። አሁን የምንሠራው ከአንድ ቁጥር ይልቅ የጣት አሻራ የሚመስል ሙሉ ሥዕል ማንሳት ነው፤ በደርዘን የሚቆጠሩ ንጥረ ነገሮች እርስ በርሳቸው ያላቸውን ምጥን ማየት። አንድ ምስክር ሊገዛ ይችላል፤ ሠላሳ ምስክር መግዛት ይከብዳል።

አሜሪካ ውስጥ ይህ ሥራ የበዛው በምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው ሕግ እነዚህን ካፕሱሎች ከመድኃኒት ለይቶ ወደ ምግብ አስጠጋቸው፤ አምራቹ ገበያ ከማውጣቱ በፊት እንደ መድኃኒት ፈዋሽነታቸውን አስመስክሮ ፈቃድ አይወስድም። ስለዚህ በብልቃጡ ላይ ባለው ጽሑፍና በውስጡ ባለው ዱቄት መካከል ያለው ርቀት የኬሚስት ሥራ ሆነ። መሣሪያ ያለው ሁሉ ግን ዳኛ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2015 የኒውዮርክ ዋና ዐቃቤ ሕግ ቢሮ በዲኤንኤ ምርመራ ብዙዎቹ ካፕሱሎች የተባለው ተክል የለባቸውም ብሎ ትልልቅ ሻጮችን ከገበያ እንዲያነሱ አዘዘ። ዜናው አገር አዳረሰ። ሆኖም ተክል ተጨምቆና ተጣርቶ ጭማቂው ሲደርቅ ዲኤንኤው አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል፤ የሌለ ዲኤንኤ የሌለ ተክል ማለት አይደለም። ከተከሰሱት መካከል አጥፊ አልነበረም ማለቴ አይደለም። ጥያቄው ትክክል ሆኖ ለተሳሳተ ምስክር ቀረበ ማለቴ ነው።

ከምኖርበት ብዙ በማይርቀው ጌተርስበርግ ያለው ብሔራዊ የመመዘኛ ተቋም የኦቾሎኒ ቅቤ በማሰሮ ይሸጣል። ለዳቦ አይደለም። ውስጡ ያለው ስብ፣ ፕሮቲን፣ ማዕድን በብዙ ዘዴ ተለክቶ፣ እያንዳንዱ ቁጥር ከነጥርጣሬው ተጽፎበታል። እኛ ማሰሮውን ገዝተን እንደማንኛውም ናሙና እንለካውና የእኛን ቁጥር ከእነርሱ ጋር እናስተያያለን። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይባል የለ? ገበያ ውስጥ ቁናው የሁሉም ስለሆነ ነው ሰው ሳይጣላ የሚሸጥ የሚሸምተው። እኔ ግን «ከነጥርጣሬው» የሚለው ነገር ነው የሚመስጠኝ። የመጨረሻው መለኪያ ተብሎ የተከበረው ዕቃ እንኳ ከቁጥሩ ጎን «ከዚህ እስከዚህ ልሳሳት እችላለሁ» ብሎ ጽፎ ይመጣል።

የስህተቱንም ልክ ያጠና ሰው ነበር። ዊልያም ሆርዊትዝ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ኬሚስት ነበር። ብዙ ላቦራቶሪዎች አንድ ዓይነት ናሙና ለክተው የላኩትን ውጤት ለዓመታት ሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ1980 አንድ የሚያስገርም ሥርዓት አሳየ። የሚለካው ነገር መጠኑ መቶ እጥፍ ባነሰ ቁጥር የላቦራቶሪዎቹ አለመግባባት እጥፍ ይሆናል። ናሙናው ሙሉ በሙሉ ያ ነገር ከሆነ ልዩነታቸው ከመቶ 2 ነው፤ ከመቶ አንድ እጅ ሲሆን 4፤ ከሚሊዮን አንድ ሲሆን 16፤ ከቢሊዮን አንድ ላይ ሲደርስ 45። ይህን ሲያይ ተስፋ የሚቆርጥ ሰው አለ። እኔ ግን ሳነበው እንደ መጽናናት ነበር የተሰማኝ። ጎበዞቹም ሰነፎቹም፣ ሀብታሙም ድሃውም ላቦራቶሪ፣ ወደ ጥቃቅኑ በወረድን መጠን ሁላችንም በአንድ ዓይነት ጨለማ ውስጥ እንዳክራለን።

ደግሞ ሰው የሚሞተውም የሚድነውም ብዙ ጊዜ በዚያ ጨለማ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ከአዲስ አበባና ከዙሪያዋ 110 የወተት ናሙና መርምሮ አፍላቶክሲን በሁሉም ውስጥ አገኘ። አፍላቶክሲን በሻጋታ የሚፈጠር ጉበት የሚጎዳ መርዝ ነው፤ ላሞቹ የሚያገኙት ከመኖ፣ በተለይም ከሻገተ የኑግ ፋጉሎ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በአንድ ኪሎግራም ወተት የሚፈቅደው 0.05 ማይክሮግራም፣ ማለትም የአንድ ግራም ሃያ ሚሊዮንኛ ነው። ከ110ሩ ከዚህ በታች የተገኙት ዘጠኝ ብቻ ነበሩ። ቁጥሩን የለካው ሰው ሥራውን ጨርሷል። ልጇን ጡት ያስጣለች እናት ግን ሥራዋ ገና መጀመሩ ነው፤ ይህን ወተት ብትነሳው በምትኩ የምትሰጠው ምን አላት? ለዚህ ጥያቄ ማሽን አልተሠራም። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ባነበብኩ ቁጥር ከወተቱ በፊት ፋጉሎው የሚቀመጥበትን ጎተራ ማድረቅ እንዳለብን ይታየኛል፤ ርጥበት ከሌለ ሻጋታው አይነሳም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ወዳጄ ቤት ቡና ተጠራሁ። ረከቦቱ አጠገብ የተቀመጡ አንዲት እናት ነበሩ፤ ከአገር ቤት ልጃቸው ዘንድ መጥተው የቆዩ፣ ነጠላቸውን በሥርዓት ያጣፉ። ሁለተኛው ጀበና ሲቀዳ ከቦርሳቸው ብልቃጥ አወጡ።

«ልጄ፣ አንተ መድኃኒት መርማሪ ነህ አሉኝ። እስቲ ይኼን እየው። ሐኪሙ ደም አንሶሻል ብሎ ብረት አዘዘልኝ። ፊት ለፊቱ 325 ይላል አለችኝ ልጄ፤ ጀርባው ደግሞ 65 ይላል። የቀረው የት ሄደ?»

«ሁለቱም ልክ ነው፣ እማማ። ብረቱ ብቻውን አይዋጥም፤ ከሌላ ነገር ጋር ተያይዞ ነው ክኒን የሚሆነው። 325ቱ የሁሉም አንድ ላይ ክብደት ነው፤ ብረቱ ብቻውን 65 ሚሊግራም ነው።»

«ከነገለባው መዘኑት በለኛ።»

እንደዚያ ነው አልኳቸው። ሠላሳ ዓመት ለተማሪ ሳስረዳው እንዲህ አጭር ሆኖልኝ አያውቅም። እርሳቸው ግን አልጨረሱም ነበር። ስኒያቸውን አስቀምጠው ትክ ብለው አዩኝ።

«ጤፍ ብረት አለው ይሉ የለ? እኔ ከቢቸና አገር ነኝ። ዕድሜ ልኬን ጤፍ በልቼ እንዴት ብረት አነሰኝ?»

ቡናው እስኪቀዘቅዝ አወራሁላቸው። በእህሉ ውስጥ ፊታይት የሚባል ነገር ብረቱን ጨብጦ እንደሚይዝ፣ እርሾው ሊጡን ሲያቦካ ጭብጡን በከፊል እንደሚያላላው፣ ቶሎ የተጋገረና በደንብ ያልቦካ እንጀራ ብረቱን እንደያዘ እንደሚያልፍ ነገርኳቸው። ስለ አውድማውም፣ ስለ በሬዎቹም አነሳሁ፤ ከአፈር የመጣው ብረት አብዛኛው ሆድ ውስጥ ስለማይሟሟ ገብቶ እንደሚወጣ። በመጨረሻም ስለ አርቡ ሥራዬ፣ ጤፉን በአሲድና በውኃ እንዳጠብኩት ነገርኳቸው። እስከዚያ ድረስ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሲሰሙኝ ነበር።

«ጤፉን አጠብከው?»

«አዎ፣ እማማ። አፈሩን ለመለየት።»

«ጤፍ ማን ያጥባል፣ ልጄ? ይበጠራል፣ ይነፋል፣ ወደ ወፍጮ ይሄዳል። የታጠበውንማ የበላ የለም።»

ሰኞ ጠዋት ላቦራቶሪ ገባሁ። የታጠበውን ብልቃጥ አንስቼ «የጤፍ ፍሬ» ብዬ ጻፍኩበት። ያልታጠበውን «ጤፍ፣ እንደሚበላ» አልኩት። ሦስተኛ ናሙና ጨመርኩ፤ ከቤቴ ያመጣሁትን፣ ሦስት ቀን የቦካ እንጀራ። አርብ ያልደፋሁትን እጣቢ በሌላ ብልቃጥ ገለበጥኩና «መሬቱ» ብዬ ጻፍኩበት። ከዚያ ባዶውን ብልቃጥ ከሁሉም ፊት አስቀድሜ ደረደርኳቸው፣ አሲዱን ለአምስቱም እኩል ቀዳሁ፣ ማሞቂያውን ከፈትኩ።